ወናፍ ነፊው ሌላ፣ አዛዡ ሌላ፦ የኮምፒውተር ማራገቢያ ታሪክና የማዘርቦርዳችን ደህንነት

በዚህ ዓመት ከቂርያት ማላኪ፣ ከገዴራና ከያቭኔ ልጆች ደጋግሞ የመጣልን ጥያቄ ስለ ባግሩትም ስለ ሠራዊትም አልነበረም። ስለ ማራገቢያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮዎች አሮጌ ሰርቨሮቻቸውን ሲጥሉ ውስጣቸው ያሉት ትናንሽ ግን ኃይለኛ ማራገቢያዎች፣ በዕብራይስጥ መአቭሬር የምንላቸው፣ በያድ ሽኒያ በጥቂት ሼኬል ይሸጣሉ። አንዳንዴም በነጻ ይገኛሉ። ያንን አምጥቶ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ለመሰካት የሚቸኩል ልጅ ብዙ ነው። አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ለቪዲዮ ሥራ፣ ሌላው ደግሞ በነሐሴ ሙቀት ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ስላስቸገረው ነው። ወላጆች ደግሞ በሌላ በኩል ይጠይቁናል፤ «ይቺ መዳፍ የማትሞላ ነገር፣ ስንት ወር ቆጥቤ የገዛሁትን ማህሼቭ እንዴት ነው የምታቃጥለው?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ታላቅ እህት ትማርበታለች፣ ታናሽ ወንድም ይጫወትበታል፣ አባት የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ያዩበታል። እሱ ከተቃጠለ ቤቱ ሁሉ ነው የሚቸገረው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ብርቱ ማራገቢያን ማዘርቦርዱ ይዘዘው እንጂ አይመግበው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ታሪኩን ያላወቀ ሰው አይገባውም፤ ስላልገባውም ይረሳዋል። ስለዚህ ታሪኩን ልንጽፍ ተነሳን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስን ለሥራ ማዋል ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮች ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋና መጥረቢያ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ። ርስት ለተነፈገ ሕዝብ የእጅ ሥራ እንጀራው ነበር። ጎንደር በ1636 ዋና ከተማ ሆና ከተቆረቆረች በኋላ በነገሥታቱ ግንባታ ላይ በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ የተሳተፉ ቤተ እስራኤል እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ያው ጎረቤታቸው ቀን ማረሻውን ከእጃቸው እየገዛ፣ ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። እሳትና ብረት የሚታዘዝለት ሰው ያስፈራ ነበራ!

የቀጥቃጩ ትልቁ መሣሪያ ወናፍ ነው። ከፍየል ቆዳ የተሠሩ ሁለት ከረጢቶች አሉት፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይጫናል፣ ነፋሱም በሸክላ ቧንቧ አልፎ ከሰሉ ውስጥ ይገባል። ሁለት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ብቻ ቢሆን ነፋሱ እየተቆራረጠ እሳቱ ይወርድ ነበር። ቀጥቃጩ ግን ብዙውን ጊዜ ወናፉን ራሱ አይነፋም። እሱ ጉጠቱን ይዞ ብረቱን ያያል፤ ሲቀላ ያያል፣ ወደ ነጭ ሲሄድ ያያል፣ «በርታ!» ወይም «ቀስ!» ይላል። የሚነፋው ልጁ ወይም ረዳቱ ነው። ትእዛዙ ከአንዱ፣ ጉልበቱ ከሌላው። አያቶቻችን ከልጅነታቸው የሚያስታውሱት ይህን ነው፤ እናንተም ይህን ሥዕል ያዙልን፣ ለኮምፒውተሩም ያስፈልገናል። ልዩነቱ አባቶቻችን የነፉት እሳት ለማንደድ መሆኑ ነው፤ እኛ የምንነፋው ለማብረድ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከገዴራም ከያቭኔም ሩቅ ባልሆነችው በረሆቮት፣ በቫይዝማን ተቋም ውስጥ፣ የእስራኤል የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ተሠራ። ስሙ ቫይዛክ ነበር። በ1954 እና በ1955 ተገነባ፣ እስከ 1963 መጨረሻ ድረስም አገለገለ። ሐሳቡን የገፋው ፕሮፌሰር ሃይም ፔከሪስ ሲሆን የግንባታውን ቡድን የመራው ከአሜሪካ የመጣው መሐንዲስ ጄራልድ ኤስትሪን ነበር። ጉዳዩን ከመከሩት ሰዎች መካከል አልበርት አይንስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ይገኙ ነበር። አይንስታይን ለዚህች ትንሽ አገር እንዲህ ያለ ማሽን ምን ያደርግላታል ብሎ ተጠራጥሮ ነበር ይባላል፤ ፎን ኖይማን ግን ደገፈ። ፔከሪስም በማሽኑ የውቅያኖስን ማዕበል፣ ማለትም የባሕር ውኃ በየቀኑ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ሁኔታ አሰላበት።

የዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሚሠራው በቫክዩም ቱቦ ነበር። እያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ እንደ አሮጌ አምፖል የሚግል ክር አለ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሺዎች ሲሆኑ ግን ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ተሠርቶ በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤንያክ 18 ሺህ ገደማ ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክም ይበላ ነበር። በክረምት ሳሎን ውስጥ የምናበራት ማሞቂያ 2 ኪሎዋት ናት ብንል፣ በአንድ አዳራሽ ሰባ አምስት ማሞቂያ እንደ ማብራት ነው። እነዚያን ማሽኖች የሚያበርዱት ትልልቅ ነፋሽ ሞተሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በራሳቸው መስመር ነበር። የሚያስበው ክፍል ሌላ፣ የሚነፋው ክፍል ሌላ፤ ልክ እንደ ቀጥቃጩና እንደ ልጁ።

ችግሩ የተወለደው ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሲሆን ነው። በ1977 የወጣው አፕል ሁለት ማራገቢያ አልነበረውም። ስቲቭ ጆብስ የማራገቢያ ድምፅ አይወድም ነበር፤ በ1980 የወጣው አፕል ሦስትም ያለ ማራገቢያ ተሸጦ በሙቀት ብዙ ችግር ገጠመው። በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ግን ማራገቢያ ነበረው፤ ያለውም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነበር። ሙሉው ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር፣ ዛሬ በአንድ ግራፊክስ ካርድ የሚያልቅ። የዚያ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ራቁቱን ነበር፣ በላዩ ብረትም ማራገቢያም አልነበረበትም። ማኪንቶሽም በጃንዋሪ 1984 ያለ ማራገቢያ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ፤ በሱዳን ካምፖች ሲጠብቁ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያየ ከነበረ በጣም ጥቂት ነው።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደዚህ መጣ። ቤተሰቦቻችን ገና ካራቫንና መርካዝ ክሊታ እያሉ፣ በማርች 1993 ፔንቲየም የተባለው ፕሮሰሰር ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች በ5 ቮልት የሚሠሩና እስከ 16 ዋት ገደማ የሚያሞቁ ነበሩ። ለዛሬ ልጅ 16 ዋት ቀልድ ነው። ለያኔ ግን ከጥፍር ብዙም በማይበልጥ ድንጋይ ላይ ያ ሁሉ ሙቀት አዲስ ነገር ነበር። የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣና በላዩ ትንሽ ማራገቢያ የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው።

መጀመሪያ ላይ ያቺ ትንሽ ማራገቢያ ኤሌክትሪኳን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ትወስድ ነበር፤ አራት ቀዳዳ ባለው፣ ሞሌክስ በሚባለው ትልቅ መሰኪያ። በዚያ ውስጥ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች መመለሻ ናቸው። ይህ አሠራር አንድ ጉድለት ነበረው። ማራገቢያዋ በአቧራ ታንቃ ብትቆም የሚያውቅ የለም፤ ፕሮሰሰሩ እየጋለ፣ ኮምፒውተሩ ዝም። ስለዚህ ማራገቢያዋን ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ተጀመረ፤ ሦስት ሽቦ ያላት መሰኪያ መጣች። አንዱ ሽቦ መመለሻ፣ አንዱ 12 ቮልት፣ ሦስተኛው ወሬ ነጋሪ ነው። ማራገቢያዋ አንድ ጊዜ ስትዞር በሦስተኛው ሽቦ ሁለት ምት ትልካለች፤ ማዘርቦርዱ ምቱን ቆጥሮ በደቂቃ ስንት ዙር እንደምትዞር ያውቃል፣ ከቆመችም ይጮኻል።

ብልህ ሥራ ነበር። ነገር ግን በዚያች ቀን ማዘርቦርዱ አዛዥም መጋቢም ሆነ። ቀጥቃጩ ጉጠቱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ወናፉን ይነፋ ጀመረ ማለት ነው። ማራገቢያዋ አንድ ሁለት ዋት ብቻ ስትበላ ይህ አያስቸግርም። ፍጥነቷን ለመቀነስ ማዘርቦርዱ ቮልቱን ዝቅ ያደርግላታል፤ 12 የነበረውን 9 ወይም 7 ያደርገዋል። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ የተቀነሰው ኃይል የትም አይሄድም፣ ቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ትራንዚስተር ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለማብረድ የተሰካ ዕቃ ቦርዱን ያሞቃል፤ አስቡት እስቲ!

ቀጥሎ የመጣው የጋለው ዘመን ነው፤ ይህ ታሪክ ደግሞ በእኛው መንገድ ላይ ያልፋል። ከገዴራ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ብትሄዱ፣ የቂርያት ማላኪን መገንጠያ አልፋችሁ ቂርያት ጋት ትደርሳላችሁ። እዚያ ኢንቴል በ1999 ትልቅ የቺፕ ፋብሪካ ከፈተ፤ በ2008 ደግሞ ሁለተኛው ተከተለ። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ስናልፍ ሁላችንም የምናየው ግዙፍ ሕንጻ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የዚያ ፋብሪካ ሕይወት ራሱ ነፋስ ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ንጹሕ ክፍል በሚባለው ውስጥ አየሩ ሌት ተቀን እየተጣራ ከጣሪያ ወደ ወለል ይነፋል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቺፕ ታበላሻለችና።

በእነዚያ ዓመታት የኢንቴል ዋናው ፕሮሰሰር ፔንቲየም 4 ነበር። ሥራው ሁሉ ፍጥነት ነበር፤ ጊጋኸርዝ በላይ በላይ፣ ሙቀትም በላይ በላይ። በ2004 መጨረሻ ላይ 3.8 ጊጋኸርዝ የደረሰው ፔንቲየም 4 የሙቀት መጠኑ 115 ዋት ነበር። ከመጀመሪያው ፔንቲየም ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ያኔ ኮምፒውተር የነበራቸው ታላላቅ ወንድሞቻችን ማህሼቩ ሲበራ «አውሮፕላን ተነሳ» ይሉ እንደነበር አጫውተውናል።

ከዚህ ሙቀት ሁለት መፍትሔዎች ወጡ። የመጀመሪያው ከሃይፋ ነው። ኢንቴል በሃይፋ ከ1974 ጀምሮ የምርምር ማዕከል ነበረው። እዚያ ያሉት መሐንዲሶች ለላፕቶፕ የተዘጋጀውን ፔንቲየም ኤም በማርች 2003 አወጡ፤ ፍጥነቱ በጊጋኸርዝ ሲቆጠር ትንሽ ይመስላል፣ ሥራው ግን ብዙ፣ ሙቀቱ 25 ዋት ገደማ ብቻ። በሜይ 2004 ኢንቴል ከፔንቲየም 4 ቀጥሎ ሊያወጣው ያዘጋጀውን ይበልጥ ሞቃት ፕሮሰሰር ሰረዘ። በጁላይ 2006 የሃይፋው ቡድን ሥራ የሆነው ኮር 2 ዱዎ ወጣ፤ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር በተለመደው ዓይነቱ 65 ዋት ነበር። በእኛ አስተያየት የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ነፋሱን ከመጨመር እሳቱን መቀነስ።

ሁለተኛው መፍትሔ አራተኛው ሽቦ ነው፤ ለጥያቄያችን ቁልፉም እሱ ነው። በ2004 ከወጣው አዲሱ የፔንቲየም 4 መሰኪያ ጋር ባለ አራት ሽቦ ማራገቢያ ተስፋፋ፤ ኢንቴልም መስፈርቱን አውጥቶ አሳተመ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለተኛው ሽቦ ሙሉ 12 ቮልት ሁልጊዜ ይገባል፣ አይቀነስም። በአራተኛው ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ይሄዳል። ትእዛዙ በሴኮንድ 25 ሺህ ጊዜ ያህል የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ነው፤ የሚበራበት ጊዜ ሲረዝም «በርታ»፣ ሲያጥር «ቀስ» ማለት ነው። 25 ሺህ የተመረጠው የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ ስለማይሰማ ነው፤ ዝቅ ቢል ኖሮ ሲያፏጭ ይሰማን ነበር። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ማራገቢያው ውስጥ ያለው የራሱ ትንሽ ቺፕ ነው። በትእዛዝ ሽቦው ላይ የሚያልፈው ከረንት ከጥቂት ሚሊአምፔር አይበልጥም።

አያችሁ? ወናፍ ነፊውና አዛዡ እንደገና ተለያዩ። ከተለያዩ ደግሞ ትእዛዙን ከማዘርቦርድ፣ ምግቡን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይቻላል። የጠየቃችሁን ሁሉ የምንመልሰው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፣ ቀላል ነው፣ አትሽሹ። ቮልትን በአምፔር ስታባዙ ዋት ታገኛላችሁ። በአብዛኛው የቤት ማዘርቦርድ ላይ አንዱ የማራገቢያ መሰኪያ የሚችለው 1 አምፔር ነው፤ 12 ቮልት ሲባዛ በ1፣ 12 ዋት። አንዳንድ ቦርዶች ለውኃ ፓምፕ የተዘጋጀ 2 ወይም 3 አምፔር የሚችል መሰኪያ አላቸው። የኢንቴል መስፈርት አንድ ማራገቢያ እስከ 1.5 አምፔር እንዲበላ፣ ሲነሳ ደግሞ ቢበዛ ለአንድ ሴኮንድ እስከ 2.2 አምፔር እንዲደርስ ይፈቅዳል፤ እናንተን የሚገዛችሁ ግን መስፈርቱ ሳይሆን የቦርዳችሁ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። ተራ የኬዝ ማራገቢያ ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ስለሚበላ ሁለት ሦስቱን በአንድ መሰኪያ ብታያይዙ እንኳ ችግር የለም።

የሰርቨር ማራገቢያ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ የፊዚክስ ሕግ አለ፤ ባግሩት ላይ ባይመጣም በቃል ቢያዝ ጥሩ ነው። ያው ማራገቢያ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚነፋው አየር እጥፍ ይሆናል፣ የሚበላው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ። በደቂቃ 1500 ዙር ሲዞር 0.2 አምፔር የሚበላ ማራገቢያ 3000 እንዲዞር ቢሠራ 1.6 አምፔር ይፈልጋል። መልኩ ያው ነው፣ መጠኑ ያው ነው። «ትንሽ ናት እኮ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የሰርቨር ማራገቢያዎች መለያ ላይ 1.5፣ 2 ወይም ከ3 አምፔር በላይ ማየት የተለመደ ነው። 12 ቮልት፣ 1.8 አምፔር የሚል ካያችሁ 21.6 ዋት ነው፤ ቦርዱ ከሚችለው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ሲነሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል።

ያንን ማዘርቦርዱ ላይ የሰካ ልጅ ምን ይገጥመዋል? ጥሩ ቦርድ ከለላ ስላለው ማራገቢያውን ያጠፋና በዚያ ያበቃል። ከለላ የሌለው ቦርድ ላይ ግን ከመሰኪያው ጀርባ ያለው ትራንዚስተር ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነው የመዳብ መስመር ይቃጠላል። አንዳንዴ ያቺ መሰኪያ ብቻ ትሞታለች። አንዳንዴ ከጎኗ ያለውን ይዛ ትሄዳለች፣ ኮምፒውተሩም አይነሳም። በዕብራይስጥ ማዘርቦርድን «ሉአህ ኤም» ይሉታል፣ የእናት ሰሌዳ። እናት ላይ ሁሉም ይንጠለጠላል አይደል? እሷ ከወደቀች የሚቆም የለም።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? የማራገቢያ ማከፋፈያ፣ ሃብ የሚባለው፣ ግዙ። ዋጋው ከማዘርቦርድ ጋር አይወዳደርም። አንዱ ጫፉ ከፓወር ሰፕላዩ በሞሌክስ ወይም በሳታ መሰኪያ 12 ቮልት ይወስዳል። ሌላኛው ቀጭን ገመድ ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል፤ በዚህ ገመድ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው የትእዛዙ ሽቦና የወሬ ነጋሪው ሽቦ ናቸው። 12 ቮልቱ ሽቦ በዚያ ጫፍ ላይ መኖር የለበትም፤ ካለ የቦርዱና የፓወር ሰፕላዩ መስመር ስለሚገናኙ ያንን ገመድ ተዉት። ወሬ ነጋሪው ደግሞ ከአንድ ማራገቢያ ብቻ ይምጣ፤ የሦስቱ ምት ከተቀላቀለ ቦርዱ ምን እንደሚቆጥር አያውቅም። በሳታ መሰኪያ ላይ የ12 ቮልቱ ድርሻ በድምሩ 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት መሆኑን አትርሱ። 1.8 አምፔር የሚበሉ ሁለት ማራገቢያዎች ይችላል፣ ሦስት አይችልም። ሞሌክስ ከዚያ በላይ ይሸከማል። ፕላስቲኩ ከሽቦው ጋር አንድ ላይ ቀልጦ የተጋገረበትን ርካሽ የሳታ መቀየሪያ እንዳትገዙ፤ ውስጡ ተነካክቶ የቀለጠ ብዙ ነው።

ከሰርቨር የወጣ ማራገቢያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እሱም ቀለሙ ነው። ትልልቅ ሰርቨር አምራቾች የራሳቸውን መሰኪያና የራሳቸውን የሽቦ ቅደም ተከተል ይጠቀማሉ። ቀይ ስላያችሁ 12 ቮልት ነው፣ ሰማያዊ ስላያችሁ ትእዛዝ ነው አትበሉ። የማራገቢያውን ሞዴል ቁጥር ፈልጋችሁ የአምራቹን ወረቀት አንብቡ። መለያው ላይ 24 ወይም 48 ቮልት የሚልም ይገጥማል፤ እሱ ለቤት ኮምፒውተር አይሆንም፣ አለቀ። የትእዛዝ ሽቦው ካልተሰካ ደግሞ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። መኝታ ክፍሉን ከሁለት ታናናሾች ጋር የሚጋራ ልጅ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

የድሮ ሰዎች አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ ማራገቢያውን በቢጫውና በቀዩ ሽቦ መካከል ሰክተው 7 ቮልት ያገኙ ነበር፣ 12 ሲቀነስ 5። ዛሬም የሚመክሩት አሉ፤ እኛ አንመክርም። ከረንቱ በመመለሻው ፈንታ ወደ 5 ቮልቱ መስመር ስለሚገባ፣ በዚያ መስመር ላይ የሚበላ ዕቃ ካነሰ ቮልቱ ከፍ ይላል። በዚያው መስመር ላይ ደግሞ ሃርድ ዲስካችሁ አለ።

ወላጆችን የሚመለከተው ነገር አጭር ነው። ልጁ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ገመዱ ከግድግዳው ይነቀል። ፓወር ሰፕላዩ፣ ያ የብረት ሣጥን፣ በማንም እጅ አይከፈት፤ ከ230 ቮልት የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ይቆያል። ከውጭ በተለየ ትራንስፎርመር ማራገቢያ ለማንቀሳቀስ የሚፈልግ ካለ ብቻውን አይሞክር፤ ወደ ማትናስ ያምጣው፣ አብረን እናየዋለን። የሰርቨር ማራገቢያ ደግሞ ጣት ይቆርጣል። ቀልድ አይደለም። በፊቱ ላይ የብረት መረብ ይግባለት፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከጠየቁን ልጆች አብዛኞቹ ብርቱ ማራገቢያ አያስፈልጋቸውም ነበር። ማራገቢያ ምንም ያህል ቢፈጥን ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝም፤ ሻራቭ ሲነፍስ ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚስበው ያንኑ 35 ዲግሪ ነው። የእኛ አካባቢ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከእርሻው የሚመጣው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ስሜት ምንጣፍ ይሆናል። እሱን በብሩሽ ማጽዳት፣ ስታጸዱም የማራገቢያውን ክንፍ በጣት መያዝ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ መቀየር፤ ኬዙን ከግድግዳ ማራቅ። ይህን ያደረጉ ልጆች ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም፤ ደህና ሆኖላቸዋል ማለት ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ዛሬ አንዳንድ የቤት ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 253 ዋት ድረስ ይወጣል፣ የ2004ቱ ጩኸተኛ ፔንቲየም 4 ከሚያሞቀው በእጥፍ በላይ። ከሃይፋ የመጣው ቁጠባ የትም አልደረሰም ለማለት ሳይሆን፣ ሰው ያገኘውን ትርፍ ሁሉ መልሶ ፍጥነት ላይ ስለሚያውለው ነው። ቪዲዮ የሚሠሩና ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚያቀናብሩ ጓደኞቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል።

በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ለእርዳታ የምትመጡ ልጆች ሦስት ነገር ይዛችሁ ኑ፤ የማራገቢያውን መለያ ፎቶ፣ የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥርና የፓወር ሰፕላዩን ጎን ፎቶ። መለያው ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ ማራገቢያውን ሳትሰኩ አምጡት፤ መለኪያ አለን፣ ሲነሳ ስንት አምፔር እንደሚስብ አብረን እናያለን።